ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። የመረጡት ልጆች ክፋት የለባቸውም፤ ነገሩን አያውቁም። ቀነ ገደብ አሳልፎ የሰው ስም ላበላሸ ሰው ሰዓት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ፎቶ ተነሣሁ።

በሽኝቱ ላይ ከነቀምቴ ብዙም ከማትርቀው ከዲጋ የመጡ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ አዴ ጫልቱ ይባላሉ። በዲጋ ዙሪያ ያሉ የቡና ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ቡናቸውን የሚያደርቁበትን ቦታ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ማሰሮ ማር ይዘው መጥተው በሰው ሁሉ ፊት መረቁኝ። ምርቃቱን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ከጨረሱ በኋላ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩና፣ «ይሄ ሰው ለቡናችን ያልሆነው የለም። ጉድ የሠራን ኔትወርኩ ነው። ዋቃ የእጁን ይስጠው!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማሩን ግን እስከ ዛሬ አልቀመስኩትም።

ኔትወርኩ ያን ሳምንት ደህና ነበር። ነቀምቴ ውስጥ ኔትወርክ ደህና የሆነበትን ሳምንት ሰው እንደ በዓል ያስታውሰዋል፤ እኔም አስታውሰዋለሁ። ይህን ለማንም ሳልናገር ሥራዬን ጨረስኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ግን እኔ ካልተናገርኩት በራሱ የሚጠራ አልሆነም።

ታዬ እባላለሁ። አባቴ ከሸዋ የመጣ ሰው ነበር፤ እኔ የተወለድኩት ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ውጪ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግሁ። ሥራዬ የቡና ጥራት ምርመራ ነበር፤ ከምርመራው ጋር ደግሞ በነጋዴና በገበሬ መካከል የሚነሣን ክርክር ማስታረቅ። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር። ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጊምቢ ነው። አለቃዬ ኦቦ ዲንሳ ነበሩ፤ ረጅም፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ጭቃ የማይለየው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ቡናን በእጅና በጥርስ ማወቅን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በጭብጣቸው ይዘው ጆሯቸው አጠገብ ያንቀጫቅጩታል። በደንብ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጥ ይንኳኳል፤ እርጥብ ከሆነ ድምፅ የለውም። ቀጥለው ትንፋሻቸውን እፍኛቸው ውስጥ ይለቁና ቶሎ ያሸቱታል፤ ሻጋታ ካለ በሙቀት ይነሣል። ከጆንያው ናሙና ሲወስዱ ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከመሐልም ከታችም ነው። የእያንዳንዱን ጭነት ናሙና በብልቃጥ አሽገው፣ የገበሬውን ወይም የማኅበሩን ስም ጽፈው መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል። «ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ብልቃጥ ግን ይቀመጣል» ይሉ ነበር።

የማስታረቁን ሥራ ያስተማሩኝ ግን በዝምታ ነው። በእኛ አካባቢ ጃርሱማ፣ የሽማግሌ ዕርቅ፣ የራሱ ወግ አለው። አንድ ሰው ሲከሰስ ወዲያው አይመልስም። ወዲያው የመለሰ ሰው ሊጣላ እንጂ ሊታረቅ አልመጣም ይባላል። ሽማግሌው ያዳምጣል፣ ሰውየው ዝም ይላል፣ ሽማግሌው እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ዝም ሊባል ይችላል። ዝምታው «እሺ» ማለት አይደለም፤ «እምቢ» ማለትም አይደለም። ልመልስልህ እንድችል ተመልሰህ ጠይቀኝ ማለት ነው። ኦቦ ዲንሳ ይህን ወግ ወደ ቢሮ አምጥተውት ነበር። «የመጀመሪያው ቃል የንዴት ነው፣ ሁለተኛው የኩራት ነው፣ ሦስተኛው የሰውየው ነው። ሦስተኛውን ጠብቅ» ይሉኛል።

ጊምቢ ላይ አንድ ነጋዴ ገበሬዎች እርጥብ ቡና ሸጡልኝ ብሎ ከሰሰ። ገበሬዎቹ ደረቅ ነው የሸጥንለት አሉ። ነጋዴው ቢሮው እስኪናወጥ ጮኸ፣ መዝገብ ወረወረ። ኦቦ ዲንሳ አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ነገ ና» ብለው ሸኙት። በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት በቀይ ጭቃ ተለውሷል። ምን ሆነው ነው አልኳቸው፤ «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አሉኝ። በዚያው ቀን ነጋዴው መጣ፤ ጩኸቱ ግማሽ ሆኗል። አሁንም ዝም አሉት። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ተቀምጦ መሬት መሬቱን አየና፣ «መጋዘኔ ጣራው ያፈሳል» አለ። አለቀ። ገበሬዎቹም ነጋዴውም ተጨባብጠው ሄዱ።

እኔ ከዚያ ቀን የያዝኩት ዝምታውን ነው። የጭቃውን ጉዳይ ማሰብ የጀመርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ከጊምቢ ደምቢ ዶሎ፣ ከደምቢ ዶሎ ነቀምቴ ተዛወርኩ። ኦቦ ዲንሳ ጡረታ ወጡ፣ ከዚያም አረፉ። እኔ በእሳቸው ወንበር ተቀምጬ ብዙ ሰው አስታረቅሁ። አንዱም ሳይሳካልኝ የቀረ አልነበረም ብል ጉራ አይሆንብኝም፤ መዘዙም ከዚያው መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ አገር ከእኛ የገዛውን ቡና ኮንቴይነር ሲከፍት ሻጋታ አገኘበት። ቡናው የአዴ ጫልቱ ማኅበር ነበር። የዚያ አገር መንግሥት በዚህ ሰበብ ከወለጋ የሚሄደውን ቡና በሙሉ ወደብ ላይ አገደ። የእኛ መንግሥት ደግሞ አንድ ኮንቴይነር አይታችሁ አገር ሙሉ ልትዘጉብን አትችሉም ብሎ ተቃወመ። ቀድሞ ቢሆን እንዲህ ያለው ጉዳይ መልእክተኛ በአውሮፕላን ሲመላለስ ዓመታት ይፈጅ ነበር። አሁን ግን ሁለቱ መንግሥታት በኢንተርኔት ለመዳኘት ተስማሙ። አንድ ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ ላይ ሁለቱም ክሳቸውንና መልሳቸውን ይጽፋሉ፣ ማስረጃቸውን ይጭናሉ፣ ሲያስፈልግ በቪዲዮ ይነጋገራሉ። ከሦስተኛ አገር የተመረጠች አስታራቂ ሁሉንም ከቤቷ ሆና ትመራለች።

መንግሥትን ወክላ የምትከራከረው ሰናይት የምትባል የአዲስ አበባ ጠበቃ ነበረች፤ ፈጣን፣ ጎበዝ። ነቀምቴ ድረስ መጥታ ገጹን አሳየችኝ። «አቶ ታዬ፣ ሕጉን ለእኔ ይተዉት። ስለ ማድረቂያውና ስለ ናሙናው የሚነሣው ግን የእርስዎ ነው፤ በስምዎ እርስዎ ይመልሳሉ» አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ለማንበብ ይበቃል። ኮምፒውተሩንም አልፈራውም ነበር።

በመጀመሪያው የቪዲዮ ስብሰባ አዴ ጫልቱ ቢሮዬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አስታራቂዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል ብድግ ብለው፣ «አካም ጅርቱ!» አሏት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ትርጉሙን ጠየቀችኝና እሷም በተሰባበረ አንደበት መልሳ ሰላም አለቻቸው። ከዚያ ቡናውን እንዴት እንደሚያደርቁ ጠየቀቻቸው። አዴ ጫልቱ ስለ አልጋው ነገሯት፤ ከእንጨት ተሠርቶ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሽቦ ወንፊት የተዘረጋበት፣ ቡናው በየጊዜው የሚገላበጥበት። «ልጆቼ መሬት ላይ ነው ያደጉት፤ ቡናዬ ግን መሬት ነክቶ አያውቅም። ይህን ንገርልኝ» አሉኝ። ተረጎምኩት። አስታራቂዋ ሳቀችና፣ «አላስቸኩላችሁም። ሁሉንም በየተራ እሰማለሁ» አለች።

ይህች ኦቦ ዲንሳ ናት ቀሚስ የለበሰች፣ አልኩ በልቤ። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ነው።

አዴ ጫልቱ ሲወጡ በር ላይ እጄን ይዘው፣ «ኦቦ ታዬ፣ ቡናው ይሸጥ አይሸጥ አላውቅም። የዲጋ ቡና ሻጋታ ነው የሚል ነገር ግን እንዳይጻፍ። የተጻፈ ነገር ለልጅ ልጅ ይደርሳል» አሉኝ። እንደማይጻፍ ቃል ገባሁላቸው።

ቃሌን የምጠብቅበት ነገር እጄ ላይ ነበር። የዚያ ጭነት ናሙና በብልቃጥ ታሽጎ ከወንበሬ ጀርባ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ንጹሕ ነው። ገዢዎቹ ራሳቸው የላኩት ፎቶ ደግሞ ሻጋታው በኮንቴይነሩ በር በኩል ባሉት ጆንያዎች ላይ ብቻ መሆኑን ያሳያል። ውሃ በመንገድ እንደገባ ለማወቅ የእኔን ያህል ዓመት መሥራት አያስፈልግም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ገጹን ስከፍት ከወዲያኛው ወገን የመጣ ጽሑፍ አገኘሁ። ሻጋታው የጀመረው ዲጋ ማድረቂያው ቦታ ላይ ነው፣ ቡናው ባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ ነው የደረቀው ይላል። ከሥሩም እስከ አርብ ተቃውሞ ካልቀረበ ሁለቱም ወገን እንደተስማማበት ይመዘገባል ይላል። አነበብኩት፤ ገባኝም። ግን ደብዳቤ ግርጌ ላይ ሁልጊዜ እንደሚሰፍር ማሳሰቢያ ቆጠርኩት። ዓይኔ የቀረው «ባዶ መሬት» የሚለው ላይ ነው። ደሜ ፈላ። ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ ኦቦ ዲንሳ ትዝ አሉኝ። የመጀመሪያው ቃል የንዴት ነው። ዘጋሁት።

ማክሰኞ ከፈትኩት፤ አስታራቂዋ ገና አልጠየቀችኝም። ረቡዕ ከፈትኩት። ሐሙስም ከፈትኩት። ትጠይቀኛለች ብዬ መልሴን በሐሳቤ እያሳመርኩ ነበር፤ ስለ ናሙናው፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ አልጋው እንዴት አድርጌ እንደምነግራት። አርብ ሆነ ብዬ አልከፈትኩትም፤ የቸኮልኩ እንዳይመስልብኝ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቅዳሜ ስከፍተው ከጽሑፉ ጎን አረንጓዴ ምልክት ተቀምጧል። ስምምነት ተደርሷል ይላል።

ወዲያው ሰናይት ደወለች። «አቶ ታዬ፣ ምን ሆነው ነው ያልመለሱት?»

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። እንደገና እስክጠየቅ እየጠበቅሁ ነበር ማለት ነበረብኝ። ለዚች ፈጣን ልጅ ይህን ብነግራት የጥንት ሰው፣ ኋላቀር ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። «ኔትወርክ አልነበረም» አልኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ወለጋ ውስጥ ኔትወርክ የለም ብሎ የማይታመን ሰው የለም፤ እሷም አመነችኝ።

አምናኝም ዝም አላለችም። ጉዳዩ እንደገና እንዲከፈት አመለከተች፤ ምክንያት ብላ የእኔን ኔትወርክ ጻፈች። ለቪዲዮ ተጠራን። የወዲያኛው ወገን ጠበቃ አንድ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ አወጣ። ገጹ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘግባል ለካ። እስከ አርብ ድረስ ስሜ አራት ጊዜ ሰፍሯል።

አስታራቂዋ በዚያው በለሰለሰ ድምፅዋ፣ «አቶ ታዬ፣ በዚያ ሳምንት ገጹን አራት ጊዜ ከፍተዋል። ትክክል ነው?» አለችኝ።

«ትክክል ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመለሱም?»

ይኸው፣ ስጠብቀው የነበረው ሁለተኛ ጥያቄ መጣ። ፊት ለፊቴ፣ በስሜ ጠርታ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ውሸቴን ተሸክሜ ነበርና የማወርድበት ቦታ አጣሁ። «አላስታውስም» አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጉዳዩ አልተከፈተም።

ሁለቱ መንግሥታት ግን ታረቁ። የወለጋ ቡና በሙሉ መታገዱ ቀረ፤ በዲጋ በኩል ያለው ብቻ ማድረቂያው ተመርምሮ በተደጋጋሚ አዝመራ እስኪረጋገጥ ይቆይ ተባለ። ሁለቱም ወገኖች በጋራ መግለጫ አወጡ፤ ያለ አውሮፕላን፣ ያለ አዳራሽ፣ በአጭር ጊዜ መስማማታቸውን አደነቁ። ሰናይትም፣ «አገር አሸንፋለች ማለት ይቻላል» አለችኝ። እውነቷን ነው። መዝገቡ ውስጥ ግን የዲጋ ቡና ባዶ መሬት ላይ ይደርቃል ተብሎ ተጽፎ ቀረ፤ እኛም እንደተስማማንበት ተደርጎ።

ጉዳዩ ከተዘጋ በኋላ ለሰናይት ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። በኋላ ለአስታራቂዋ እንደጻፈችላትና ሴትዮዋ ምን ብላ እንደመለሰች ነገረችኝ። «ሁለተኛ እስክጠየቅ እየጠበቅሁ ነው ቢለኝ ኖሮ እጠይቀው ነበር» ብላለች። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ልጆች ይህ ኮምፒውተር ባህላችንን አያውቅም ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔም እንዲህ እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። አያዋጣም። የሚያውቀው እኔ ነበርኩ፣ ያልተናገርኩትም እኔ ነኝ።

ዲጋዎች የሰሙት ያንኑ የኔትወርኩን ነገር ነው። የአዴ ጫልቱ ቡና ከዚያ ወዲህ ከሌላ ቦታ ቡና ጋር እየተቀላቀለ፣ ስሙን ደብቆ ነው የሚወጣው። እሳቸው አልጋውን አልተዉም፤ እስከ ዛሬ በወንፊቱ ላይ ያገላብጡታል። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያጽናኑኝ ነበር። «አንተ ምን ታደርግ» ይሉኛል። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከሽኝቱ በኋላ ቢሮው አሮጌ ናሙናዎችን ሊያስወግድ መሆኑን ሰምቼ ያን ብልቃጥ ለመንኳቸውና ሰጡኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ ከባኬ ጃማ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ፣ ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ዲጋ ሄድኩ። አዴ ጫልቱን ማድረቂያው ቦታ፣ አልጋው አጠገብ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ኔትወርኩን፣ ማሩን አለመቅመሴን። ብልቃጡን ከፊታቸው አስቀመጥኩ።

እጃቸው ከቡናው ላይ ቆመ። አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ማገላበጣቸው ተመለሱ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ወጉን አውቀዋለሁና አልለመንኩም፣ ብልቃጡን ትቼ ተመለስኩ።

በሳምንቱ እንደገና ሄድኩ። ያን ዕለት መቀመጫ ሰጡኝ። ብልቃጡ ተከፍቶ አጠገባቸው ነበር። ከውስጡ ጥቂት ፍሬ አውጥተው በጭብጣቸው ይዘው ጆሯቸው አጠገብ አንቀጫቀጩት፤ ሲንኳኳ እኔም ሰማሁት። ትንፋሻቸውን ለቀው አሸተቱት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ይቺ ፈረንጅ እንድትጠይቅህ ጠበቅህ።»

«አዎ።»

«አራት ቀን።»

«አዎ፣ አዴ።»

«እኔ ግን እዚሁ ነበርኩ። ያን ሁሉ ቀን፣ ‹እንዲህ አሉ፣ ምን እንበላቸው?› ብለህ አንድ ቀን መጥተህ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ዝም አልኩ፤ ያን ጊዜ ዝም ያልኩት በወግ አይደለም። የኦቦ ዲንሳ ጫማ ላይ የነበረው ቀይ ጭቃ መጣብኝ። እሳቸው ዝም የሚሉት በአፋቸው ብቻ ነበር። ነጋዴው ጮኾ በሄደበት ቀን እሳቸው በእግራቸው ገበሬዎቹ ደጅ ደርሰው ነበር።

አዴ ጫልቱ ፍሬዎቹን ወደ ብልቃጡ መልሰው ከደኑት። «ለሦስተኛው ስትመጣ መልሱን ይዘህ ና» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ያን መልስ ስፈልግ ነው። ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር፤ አልነበረም። ወግ ነው ብዬ ነበር፤ እሱም አይደለም። መንገዱ ደህና ነበር። ወደ ዲጋ የሚሄደው ሚኒባስም በዚያ ሳምንት በየሰዓቱ ይነሣ ነበር።